የትራሱ ልብስ

ራሴን አሞኝ ክኒን ልለምን ወደ ኮሌጁ ክሊኒክ ጎራ ባልል ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁ ነበር። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የሰው ነገር ብዙም አይገባኝም። ገና አግዳሚው ላይ ከመቀመጤ የሴቶች ማደሪያ ኃላፊዋ ገቡ። ተማሪዎቹ «እማማ ቁልፍ» ይሏቸዋል፤ ከወገባቸው የማይለየው የቁልፍ ዘለላ ከእሳቸው ቀድሞ ይሰማልና። በአንድ እጃቸው ደብዳቤ፣ በሌላው የታጨቀ የትራስ ልብስ ይዘዋል።

«ፈርሚልኝ ልጄ» አሏት ወጣቷን ነርስ። «ይህቺን የሁለተኛ ዓመት ልጅ ከማደሪያ ላስወጣት ነው፤ የክሊኒኩም ፊርማ ያስፈልጋል።»

«ምን አጠፋች እትዬ?»

«ምን አጠፋች ትይኛለሽ እንዴ!» ብለው የትራሱን ልብስ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የብስኩት ማሸጊያ፣ የዳቦ ፌስታል፣ የቸኮሌት ወረቀት ወደቀ። «ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ብቻዋን ጨርሳ ትራሷ ውስጥ ደበቀችው። ምግብ ወደ ክፍል ማስገባት ክልክል ነው። ባለፈው ሳምንት ይዣት ሦስት ቀን እራት ከልክያታለሁ። ይኸው ብሶባት አረፈ፤ ሆዳም!»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ «አበዛችው» ብዬ ነበር።

«እራት የከለከሏት ምን ላይ ሳለች ነበር?» አለች ነርሷ።

«ፈተና ላይ።»

«ይሄስ መቼ ተበላ?»

እማማ ቁልፍ ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። «ቅጣቷ ባለቀ በማግስቱ።»

«ይኸውልዎ እትዬ፤ በጭንቀቷ ላይ ርሃብ ጨመርንባት። እንዲህ ያለ ሰው አንዴ ከጀመረ ማቆም ያቅተዋል፤ ጠግባም ትበላለች። ከዚያ ታፍርና ትደብቃለች፤ ለማካካስ ብላ ቁርስ ትዘላለች፤ ያኔ እንደገና ይነሳባታል። ሆዳምነት አይደለም፤ እርዳታ የሚፈልግ ሕመም ነው።»

«በእኛ ጊዜ ጭንቀት አልነበረም? ጥርሳችንን ነክሰን አለፍነው እኮ!»

«ብቻዎን ነው ያለፉት?»

ሴትዮዋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መነካካት ያዙ።

«እህቴ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ፀጉሬን እየሠራች ታስወራኝ ነበር።»

«ጽናት የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህቺ ልጅስ ካስወጧት ማን አላት?»

«ማንም። ቤተሰቦቿ ሩቅ ናቸው።» ድምፃቸው ወረደ። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ወደ እኔ ይላኳት፤ ከኮሌጁ የሥነ ልቦና አማካሪም ጋር አገናኛታለሁ። እርስዎ ደግሞ ከገበታ አይከልክሏት፤ በሰው ፊትም ስለ ምግብ አይቆጧት።»

እማማ ቁልፍ ደብዳቤውን ሳያስፈርሙ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ክኒኔን ረስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ማደሪያው ውስጥ ምግብ ፍለጋ ፍራሽ መገልበጥና እራት መከልከል ቀርቷል። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሁለት ሌሎች ተማሪዎች ማንም ሳይዛቸው ክሊኒኩን አንኳኩተዋል። ልጅቷ አንዳንዴ ይመለስባታል፤ ግን ዛሬ ራሷ መጥታ ትናገራለች፣ በሰዓቱ ትበላለች፣ ትምህርቷንም አላቋረጠችም። አንድ ደንብ ሲቀየር ለዚህ ሁሉ ሰው መትረፉ እኔን የቁጥር ሰውን አስደንቆኛል።

ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እማማ ቁልፍ በዚያው ዕለት ማታ የትራሱን ልብስ በገዛ እጃቸው አጥበውና ተኩሰው የልጅቷን በር አንኳኩ። ልጅቷ ልትባረር መስሏት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር።

«ሻንጣውን መልሺው» አሏት። «ዛሬ እራት አብረን ነን።»