ሳቅን ከሕመም የለየው ባለማስመሪያ

ያዘው! መሣሪያው ያዘው! ዛሬ ጠዋት ሁለት ሐኪሞች «ምንም የለባትም» ብለው ያሳለፏትን እናት፣ ልቧ ምት እየሳተ መሆኑን የእሱ መሣሪያ ለይቶ አወጣው! ታክማ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች!

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የሟች እህት እትዬ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። ቦታው እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ለማን ልንገረው? የምሥራቹ ባለቤት እዚህ ተኝቷል። ትናንት አረፈ። አንድ ቀን ቢታገሥ ምን ነበረበት?

ለማታውቁኝ፣ በሽተኛ ደረት ላይ የኢሲጂ ሽቦ፣ የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያሰምረውን፣ የማጣብቀው እኔ ነኝ። እሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ ያንን ወረቀት በራሱ የሚያነብ መሣሪያ ልሥራ ብሎ፣ በምትና በምት መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ሲለካ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። «ያሳለፍነውን አንድ ሰው እንኳ ቢይዝልኝ» ይል ነበር። ማን አይዞህ አለው? «ባለማስመሪያው» እያልን ሳቅንበት እንጂ።

አንድ ቀን በሩን በርግዶ ገባ። «አንቺ ሴትዮ! ያንቺ በሽተኞች መስመር ብቻ ለምን ይንቀጠቀጣል? መሣሪያዬ የሁሉም ልብ ተዛብቷል አለ!» ሽቦ የተጠመደላቸው አንድ አባት «ልጄ፣ እሷ እያሳቀችን ነዋ!» አሉት። ለካ ሰው ሲስቅ ወረቀቱም አብሮ ይርገፈገፋል! «ታዲያ ዝም ልበል?» አልኩት።

«አንቺ ዝም ከምትዪ መሣሪያው ሳቅ ቢለምድ ይቀላል።»

ሁለት ዓመት ፈጀበት። አስለመደው።

ዛሬ ጠዋትም ያቺን እናት አስቄያት ነበር። ሐኪሞቹ ወረቀቱን አይተው «ይሄ ያንቺ ቀልድ ነው» ብለው አለፉ። መሣሪያው ግን ከሳቋ ሥር ያለውን አየ።

ደግ ነገር ሲገኝ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለሁ። እሱ በማስመሪያው አንዴ ይመልሳል። ብዙ አያወራም፤ ያቺ አንዷ ንግግሩ ነበረች። ዛሬም አንኳኳሁ። ልማድ ነው። ሁለቴ። ቆሜ ጠበቅሁ።

ወንድሜ፣ ዘጠኝ ዓመት እኔ ሳወራ አንተ ሰማኸኝ። ከእንግዲህ ለግድግዳ ነው የማወራው? ደህና ሁን። ይዞልሃል፣ እረፍ።

እናንተ ደግሞ ስሙኝ። ያቺ እናት ቅዳሜ ከሆስፒታል ትወጣለች። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ እሱ ክፍል፣ ማንም እንዳይቀር! ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። እሱን ለእሷ እንሰጥና እኛ ቆመን እንስቃለን።