ባለቤት ያጣ ደም

መጀመሪያ የሰማሁት ቃጭል ነው። ሣሩ ከቁመቴ በላይ ስለነበር በሬውም ነጂውም አልታዩኝም፤ ድምፁን ስከተል የአባባ ፑኦክ በረት ደጃፍ ላይ ወጣሁ። ነጭ ሰንጋ ካስማ ላይ ታስሯል። ያመጣው የመንደራችን ወጣቶች አለቃ ሎኝ ነው፤ ከዋና ከተማችን ከጁባ ተኩስ አምልጦ ገና መግባቱ ነበር።

አባባ ፑኦክ የነብር ቆዳ ለባሽ ሽማግሌያችን ናቸው። እኛ ኑዌሮች ዘንድ ሰው የገደለ እሳቸው ጋ ይገባል፤ ክንዱን በጥተው ደሙን እስኪያፈሱለት ጠብታ ውሃ አይቀምስም፤ ከቀመሰ የሟቹ ደም ይገድለዋል። ከዚያ ካሳው በከብት ተከፍሎ ቂም ይቆማል።

«ና ተማሪ! ግጥም ስታልም ጅብ በላህ ብለን ነበር» አሉኝ። ለሎኝ ውሃ በቅል ቀድተው ሰጡት።

ሎኝ ቅሉን እንደያዘ «አባባ» አለ፤ «ነገ የጎረቤቶቻችንን የዲንካዎቹን መንደር ልንወጋ እንወርዳለን። የጦራችን አዛዥ ሰንጋውን የላከልዎ ለአንድ ቃል ነው። ማታ ለዘማች ልጆቹ፣ በመንግሥት ጦርነት የፈሰሰ ደም አይቆጠርም፣ መንጻትም ካሳም የለውም ይበሉልን።»

«ሐሰትም አይደል» አሉ ሽማግሌው። «ጦር ከእጅ ይወጣል፤ ጥይት ግን የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ጠቡ የማን ነው?» አልኩ።

«የጁባዎቹ ትልልቆች። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ።»

«በምን ተጣሉ?»

«በወንበር።»

«ከወንበሩ አንድ እግሩ እንኳ ደርሶዎታል?»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «የእኔ ቂጥ የሚያውቀው መሬት ነው!»

ሎኝ ግን አልሳቀም። «ቀለም የጠጣ ጦር ይፈራል። ጁባ ላይ ወገኖችህን በቋንቋቸው እየለዩ ሲያርዱ አንተ ሣር ውስጥ ተጋድመሃል!»

«ያረዱት እነዚህ አብረውን ዓሣ የሚያጠምዱት ናቸው?»

«ሁሉም አንድ ናቸው!»

«እነሱም ዛሬ እሳት ዳር ስለ እኛ እንዲሁ ይላሉ። የሁለት ሰው ጠብ የሕዝብ ጠብ የሚሆነው በዚህች ቃል ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «አባባ፣ አያቶቻችንም ተጋድለዋል። ግን ገዳይም ሟችም ስም ነበራቸው፤ ስም ያለው ደም ካሳ አግኝቶ ያበቃል። ባለቤት ያጣ ደም በምን ይቆማል? አዛዡ ጠመንጃ አላነሰውም፤ ልጆቹ እርስዎን ስለሚፈሩ ነው በሬ የላከው። ልጅዎ ኛሉዋል እዚያ መንደር ተድራ ወልዳለች። የልጆቿ ደም ነገ የመንግሥት ደም ሊባል ነው?»

አገር የሚፈርሰው ሰው ሲገድል ብቻ አይደለም፤ የገደለ እንዳልገደለ ሆኖ እራቱን እንዲበላ ሲፈቀድለት ነው። ይህን ለማለት አፌን ስከፍት ሽማግሌው ተነሡ። የነብር ቆዳውን ከግድግዳው አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

«ሰንጋውን ለላከው መልስ» አሉት ሎኝን። «ማታ የምለው ይህን ነው። በጦርም ይሁን በጥይት፣ ማንም ይዘዘው ማን፣ የገደለ እኔ ጋ ይምጣ። እስኪመጣ ውሃ አይጠጣም። ካሳውም ከገዛ በረቱ ይወጣል እንጂ አዛዡ አይከፍልለትም። ያን ጊዜ የሟች ወገን ከብቱን ይቀበላል፣ ልጆቻችን ይጋባሉ፣ ወንዙ ሲጎድል እንደ ልማዳችን አብረን እናጠምዳለን። ስሙን ደብቆ የሚገድል ግን ልጄ ቢሆን እንኳ በረቴን አይረግጥም።»

ሁለታችንም ሎኝን አየነው። ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል። ቅሉን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ከውሃው ጠብታ አልጎደለም። ሰንጋውን ሳይፈታ ሣሩ ውስጥ ገባ።