ፀሐይ ላይ የተሰጣው ባትሪ

እትዬ የሺና ልጃቸው አባተ ደብረ ታቦር፣ ከብረታ ብረት ሰብሳቢው በር ላይ ከባጃጅ ወረዱ። በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለሉትን የመኪና ባትሪ ሊጥሉ ነው። በሩ ላይ ሱሪ የታጠቀች፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች ሴት ከከረጢቱ የወጣውን ጫፍ አይታ መንገድ ዘጋችባቸው።

«እማማ፣ ይኼ የሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና ባትሪ ነው። ለምን ይጣላል?»

«ሞቶ ነዋ! ሬሳ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ የማን ልጅ ነሽ?»

«የልብስ ሰፊው የሙሳ ልጅ፣ ዙለይካ።»

የእትዬ የሺ ፊት ተፈታ። የሟች ባላቸውን የዳኛቸውን ኮት ገልብጦ የሰፋው ሙሳ ነበር፤ ውስጡ ውጭ ሆኖ ሰባት ፋሲካ ተለበሰ። ያን ጊዜ እንኳን ኮት፣ የተሰነጠቀ ቅል ተሰፍቶ ወተት ይናጥበት ነበር።

«አባትሽ ደግ ሰው። አንቺ ግን ዐረብ አገር ሄደሽ ሱሪ ተምረሽ መጣሽ?»

«የተማርኩትስ ባትሪ መጠገን ነው» ብላ ሣቀች። ከረጢቱን ስትገልጥ ግን ሣቋ ጠፋ። «ምን ነክቶት ነው? ፕላስቲኩ ተጣሟል።»

አባተ አንገቱን ደፋ። «እናቴ አስጡት ብለው ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ።»

«አዎን ብያለሁ! የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም አስጥተን አይደል ስንት ዘመን የሰማን? ዳኛቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደ በርበሬ እያገላበጠ ነበር የሚያሰጣው።» ድምፃቸው ለሰለሰ።

«እማማ፣ የራዲዮው ትንሽ ነው። ይኼ ሰው ይገድላል። ያለ ጓንት የፈታው ልጅዎ ቆሞ መሄዱ የአላህ ችሮታ ነው። ሙቀትም ጠላቱ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ተዉልኝ፣ ከሌላ መኪና በተረፈ ልጠግነው።»

«እምቢ!»

አለማወቅ አያሳፍርም፤ አለማወቅን ታጥቆ መከራከር ነው የሚያስቸግረው። አባተ የሚኖረው በመኪናው ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ በሽተኛ እያመላለሰ ነው። እትዬ የሺ አዲስ ባትሪ ሊገዙለት ዳኛቸው ችግኙን በቅል እያጠጣ ያሳደገውን ባሕር ዛፍ ለእንጨት ነጋዴው ለባዩ ሊሸጡት ቃል ሰጥተዋል፤ ባዩ ሐሙስ መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል። ይኼን ሲያስቡ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል። ቢሆንም ኩራታቸው አልለቀቃቸውም።

«ልጄ በሌላ መኪና ትራፊ አይነዳም! ቁልቁለት ላይ ቢከዳውስ?»

«እዚህ ውስጥ ሃያ ትናንሽ ባትሪ አለ፤ የደከሙት ጥቂቶች ናቸው፣ ሌላውንም የሚጎትቱት እነሱ። እማማ፣ አንድ በሬ የሞተበት ገበሬ ምን ያደርጋል?»

«ይቀናጃላ! አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያርሳል።»

«ያገኘውን በሬ ሁሉ ይጠምዳል?»

«ምን ሞኝ ነው! ጉልበቱን አይቶ ነው እንጂ። ብርቱው ከደካማ ጋር ከተጠመደ ቀንበሩ ያዘማል፣ የብርቱውም አንገት ይቆስላል፣ ሁለቱም...» እትዬ የሺ ዓይናቸውን ወደ ባትሪው መለሱ።

«እኔም እንዲሁ ነኝ» አለች ዙለይካ ቀስ ብላ። «ከተጋጨ መኪና የተረፈውን እለካለሁ፤ እኩያውን ከእኩያው አቀናጃለሁ።»

«አሳዪኝ።»

አጠገቡ ወዳለው ሱቋ ገቡ። እያንዳንዱን ባትሪ ከአምፖል ጋር አገናኘችው። የብርቱው ብርሃን ጸና፤ የደካማው ወዲያው ፈዘዘ። እትዬ የሺ «ያ ልግመኛ ነው! ይኼኛውም!» እያሉ መጠቆም ጀመሩ። አምስት ወጡ።

«ሁለቱ አብጠዋል» አለች ዙለይካ። «የገደሏቸው አንቱ ነዎት።»

«እሺ፣ ስደቢኝ! ጓሮ ልቅበራቸው?»

«ኧረ በጭራሽ! ፈሳሹ ቆዳ ይልጣል፣ ውሃም ይበክላል። አሰባስቤ ለሚያቀልጡት እልካለሁ፤ ብረቱ ዳግም ዕቃ ይሆናል።»

«ቀጥቃጭ እንደሚመልሰው ማረሻ በይኛ! እናንተ አዲስ ትሉታላችሁ እንጂ የእኛው የጥንቱ ነው።»

ረቡዕ አባተ በተጠገነው ባትሪ እናቱን ጭኖ ዳገቱን ወጣ፣ ቁልቁለቱንም ወረደ። ባትሪው እስኪመለሱ ድረስ አልከዳቸውም። ቤት ሲገቡ እትዬ የሺ ስልክ አስደወሉ።

«ባዩ፣ ነገ አትምጣ።»

«ቃል ሰጥተውኛል እኮ፣ እትዬ!»

«ሰጥቻለሁ። ተሳስቼ ነበር።» አባተ ከእናቱ አፍ ይህችን ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «ስማ፣ ባትሪ የደከመበት ዘመድ ካለህ ንገረው። ፀሐይ ላይ አያስጣ፣ በባዶ እጁ አይፍታ፣ ሜዳ አይጣል። ለሚያውቅ ሲሰጥ ጥሪቱ ይተርፋል፣ ምንጩ ይጠዳል፣ የሙሳ ልጅም ለእንጀራ ብላ ዳግም ባሕር አትሻገርም።»

«እኔስ፣ መጥረቢያዬን ምን ላድርገው?»

«ደረቅ ፍለጥበት!»