የአምሳለ ጽጌረዳ እና የተራራው አፈር

አቶ ወጋየሁ ለቡ መብራት ኃይል ካለው ቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ ባለጋሪው ስድስት ጆንያ የጫካ አፈር ሲያወርድ ይቆጣጠራሉ። ኢፋ በዚያ ሲያልፍ አያቸውና ቆመ። የጎረቤታቸው የአቶ በንቲ ልጅ ነው፤ እርሻ ተምሮ ሲመረቅ የአባቱ ማሳ መንደር ሆኖ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይኼ ሁሉ አፈር ለምንድን ነው?»

«ለአምሳለ ጽጌረዳ ነዋ፣ ልጄ።»

አምሳለ ሚስታቸው ነበረች። ቂርቆስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ፣ ከደጃፏ ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው እሷ ናት። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ጽጌረዳዋም ቅጠሏን እያራገፈች አንድ አረንጓዴ ግንድ ብቻ ቀርቷታል። ያቺ ግንድ ከደረቀች፣ አምሳለ ሁለተኛ የምትሞትባቸው ይመስላቸዋል።

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ አምናም ከተራራ የመጣ አፈር አልብሰዋት ነበር። ምን ጠቀማት?»

«ትንሽ ስለነበረ ነዋ!»

«አፈሩማ ጠጥሮ ቀረ። ተራራውስ? ከዛፉ ሥር አፈሩ እየተጋጠ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚወርደው በእኛው ላይ ነው። ደግሞ ይህ ግቢ የአባቴ ማሳ ሳለ፣ ከብቶቹን ቦታ እያቀያየርን እዚሁ እናሳድር ነበር። አፈሩ ሲጨብጡት ቅቤ ነበር። እርስዎ ቤት ሲሠሩ በሲኖትራክ አስጭነው አስወጡትና ጠጠራሙን ገረጋንቲ ሞሉበት።»

አቶ ወጋየሁን ሳቅም ንዴትም ተናነቃቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሆኖም ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም።

«እና ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

«ጉድጓድ እንቆፍር። የድንቹን ልጣጭ፣ የጎመኑን ግንድ፣ ደረቁን ቅጠል ከአባቴ በረት ፍግ ጋር እናበስብሰው። እርጥበቱን እየጠበቅን ካገላበጥነው በሦስት በአራት ወር አፈር ይሆናል።»

«ቆሻሻ? ከአምሳለ አበባ ሥር? እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም!»

ኢፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ አምሳለ ቂርቆስ እያሉ በምን ነበር የሚያሳድጓት?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጽጌረዳዋ መለሱ። ያ ጠባብ ግቢ፣ በአጥሩ ላይ የተንዠረገገው ቀይ አበባ፣ ቁጢጥ ብላ በአሮጌ ቢላ አፈሩን እየጫረች ልጣጭ የምትቀብረው አምሳለ፣ ሁሉም መጣባቸው። ልጅ አልወለዱም። እሳቸው ከቢሮ ሲገቡ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ኧረ ግቢውን አታቆሽሺው!» ይሏታል። እሷ፣ «ልጄን ምሳ ላብላት እንጂ!» ብላ ትስቃለች። ለቡ ከገቡ በኋላ ግን፣ ግቢው አዲስ ነው ብለው አጥብቀው ከለከሏት። እሷም ተወች።

«አየህ ልጄ፣» አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ያስራብኳት እኔ ነኝ።»

ባለጋሪው እያጉረመረመ ጆንያዎቹን መልሶ ጫነ።

ያን ዕለት ቆፈሩ። መጋቢት ላይ የተቀበረው ልጣጭ ሰኔ ሲገባ ጠቁሮ፣ ዝናብ እንደነካው መሬት ሸተተ። ገረጋንቲውን ከሥሯ እያነሱ ይህን አፈር ሞሉላት። ከዚያ ወዲህ አቶ ወጋየሁ ማንም ሳይጠይቃቸው በእድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው ይሰብካሉ፦ «ከቤቴ የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በታች ሆነ፤ ግቢዬ ዝናቡን ይጠጣል፤ ተራራውም አፈሩን ለዛፉ አስቀረ። የቤታችሁን ሲሳይ አትጣሉ!» ሰዉ ይስቃል፤ ግን አንዳንዱ ወደ ቤቱ ሄዶ ይቆፍራል።

በመስከረም ጽጌረዳዋ ሦስት አበባ አወጣች። በማግስቱ አቶ ወጋየሁ የልጣጭ ሳህናቸውን ይዘው ወጡ፤ ጎንበስ ብለው፣ «በይ ልጄ፣ ምሳሽን» አሉና ጉድጓዱ ውስጥ ደፉት። ከዚያ የሚቆጣ ሰው የመጣ ይመስል ዞር ብለው በሩን አዩ። በዚያ ቤት ይቆጡ የነበሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።