ሊያፈስ ወይስ ሊያፍስ?

ዘመኑ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር፣ በርበሬ በየደጁ የሚሰጣበት ጊዜ ነበር። በጧት በርበሬዋን ተሸክማ ቡሬ ገበያ የወጣችው ንግሥቴ፣ ያን ቅዳሜ ስትመለስ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ወንዙ መሻገሪያ ላይ መምህር ላቀውን ድንገት ስታገኘው ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችውም።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ ንግ...»

«አነበብሁ!» አለች።

ላቀው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለጎልማሶች ፊደል የሚያስቆጥር ወጣት ነው። ንግሥቴም በመስከረም ከጀመሩት ተማሪዎቹ አንዷ ናት።

«ምን አነበቡ?»

«ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት! ገበያተኛው ከቦኝ፣ ጣቴን እያስኬድሁ! ‹አንድ የውጭ አገር ኩባንያ በቡሬ መንገድ ዳር መሬት ተከራይቶ በበርበሬ ሥራ ላይ ገንዘብ ሊያፍስ መጥቷል› ይላል። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደ ጮኸ ቢያዩ! የቀረውን አላስነበቡኝም። የኔታ ገብረሰንበትማ እዚያው ቆመው፣ ‹የመንገድ ዳሩን ርስት ለዚህ ዘራፊ ያከራየ የተገዘተ ይሁን› ብለው ገዘቱ። ንባቤ አገር አዳነ!»

ላቀው ወደ እርሷ ቀረብ አለ።

«ሊ... ምን ነበር ያሉኝ?»

«ሊያፍስ።»

«እስቲ ፊደሏን አሸዋው ላይ ይሣሏት።»

ንግሥቴ ጎንበስ ብላ በጣቷ ‹ፍ› ጻፈች። ከዚያ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። በዐይነ ሕሊናዋ የመጣባት የግድግዳው ፊደል ያቺ የ‹ፍ› ትንሽ ጭረት አልነበረችበትም።

«ፈ ናት» አለች ድምፅዋ ሰልሎ።

«ፈ ናት። ወረቀቱን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የገለበጥሁት እኔው ነኝ። ሊያፍስ ቢሆን ዝቆ ሊወስድ ነው። ሊያፈስ ግን የራሱን አውጥቶ እኛ ዘንድ ሊያደርግ ነው። እርስዎ ያልደረሱበት መስመር ደግሞ ‹ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ሴቶችም ይቀጠራሉ› ይላል።»

ንግሥቴ ወንዙ ዳር ቁጭ አለች። ልጇ እናኑ ባለፈው ሰኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች። አክስቷ በመጪው ሐሙስ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ልትወስዳት ነው፤ ማን ቤት እንደምታድር፣ የማንን ልብስ እንደምታጥብ ማንም አያውቅም። እናት ስለዚህ ነገር ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች። አሁን ደግሞ በገዛ አፏ የልጇን እንጀራ አስገዘተች!

«የኩባንያው መልእክተኛ ፍኖተ ሰላም የሚቆየው እስከ ማክሰኞ ነው» አለ ላቀው። «መሬት ካጣ ሌላ አገር ሊያይ ይሄዳል።»

«ታዲያ ምን ያቆመናል? ይሂዱ እንጂ!» አለችና ተነሥታ ቀደመችው።

የኔታ ገብረሰንበት ቄስም የቅኔ መምህርም ናቸው። የመንገድ ዳሩ ርስትም የእርሳቸውና የወገኖቻቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር፣ በተማሪዎቻቸው መካከል ተቀምጠው አገኟቸው። ንግሥቴ እግራቸው ሥር ወድቃ የጭረቷን ነገር እንዳለ ተናዘዘች።

የኔታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ ተነሽ። ፊደሉ ቢሳሳትም ነገሩ አልተሳሳተም። ሰው ገንዘቡን በሰው አገር የሚያፈስ ምን ቆርጦት? ስልቻው ተቀዶበት ካልሆነ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የኔታ ወደ ላቀው ዞሩ። «አንተ ቅኔውን ጥለህ ኤቢሲዲ ልትቆጥር የሄድህ፣ እስቲ መልስ።»

«ከፈቀዱልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ የኔታ» አለ ላቀው በትሕትና። «የወንድምዎ ልጅ ክንዱ በሬውንና ዘሩን ይዞ ዱርቤቴ ድረስ የሰው መሬት በእኩል ሊያርስ የሄደው ስልቻው ተቀዶበት ነው?»

«ክንዱማ እዚህ ያለችው ድርሻው ጠባብ ናት። በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ቆሙበት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደው? ቅርብ መሬት ጠፍቶ ነው?»

«አፈሩ ጥሩ ነዋ! ገበያው ደጁ ላይ ነው። ባለ መሬቱም ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው።»

«ቀድሞ እዚሁ ከወንዝ ማዶ ያርስ አልነበረም? ለምን ተወው?»

የኔታ በወንድማቸው ልጅ ላይ የደረሰው በደል ትዝ ሲላቸው ተቆጡ። «እህሉ ሲያሸት ከብት ይለቁበታል! ውሉ እኩል ነበረ፤ አውድማ ላይ ሲደርስ ‹የአንተ ሲሶ ነው› አሉት። ዳኛ ቢጠራ፣ ዳኛው የእነርሱ አማች ሆኖ ተገኘ!»

«የኔታ፣ ፈረንጁም ክንዱ ነው።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በነጠላው አፉን ያዘ። ንግሥቴ ግን አልሳቀችም፤ የየኔታን ፊት እንደ ፊደል ሰሌዳ ትኩር ብላ ታነብ ነበር።

ላቀው ቀጠለ። «የእርሱም ገንዘብ በአገሩ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። አገሩ ብርድ ነው፤ በርበሬ አያበቅልም። እርሱ ደግሞ የበርበሬን ቀለም ጨምቆ ለምግብ ማቅለሚያ ይሸጣል። በርበሬውን በጆንያ ወደ አገሩ ቢጭን መንገድ ላይ ይሻግታል፣ ጭነቱም ይበዛል። እዚሁ ቢጨምቀው ግን በጥቂት በርሜል ያልቅለታል። የመኪናው መንገድ በደጃችን ያልፋል። የሠራተኛውም ደመወዝ ከአገሩ ይልቅ እዚህ ይቀልለታል፤ ይህን አልሸሽግዎትም።»

«አየህ!» ብለው የኔታ ጭናቸውን መቱ። «ለእኛ ሊጸድቅ አልመጣም! ሊያፍስ ነው! ንግሥቴ በትክክል አንብባለች!»

ተማሪዎቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ንግሥቴ ተስፋ ቆረጠች። ላቀው ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ በእርጋታ መለሰ።

«አዎን የኔታ፣ ሊያፍስ ነው። ነገር ግን ሳያፈስ የሚያፍስ የለም።»

የኔታ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሰሙንና ወርቁን እየለዩ ነበር።

«ድገመው» አሉ።

ደገመው።

«ይበል! ለካ ቅኔው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀህም።»

ለብልህ ሰው አንድ ቃል ሺህ ምክር ይሆናል። ሆኖም ርስት ያለው ሰው በቃል ብቻ አይረታም፤ የኔታም ገና ስጋት ነበራቸው።

«መሬታችንን በቃላድ ለክቶ ከነሥራችን ቢነቅለንስ? ከጠገበ በኋላስ ጥሎን ቢሄድ?»

«መሬቱ ይከራያል እንጂ አይሸጥም። ዘመኑም ተወስኖ በዳኛ ፊት ይጻፋል። ሊሄድ ይችላል፣ የኔታ። ሕንጻውን ግን በጀርባው አዝሎት አይሄድም፤ ልጆቻችን የተማሩትንም ሙያ ከእጃቸው አይነጥቅም። ስጋትዎ እውነተኛ ስጋት ነው። ውል ያድርጉት እንጂ ግዝት አያድርጉት።»

«ከእኛ ምን ቢያጣ ነው ሌላ አገር የሚሄደው?»

«ክንዱ ያጣውን ነዋ! ከብት የማይለቅ ጎረቤት፣ ቃሉን የማያጥፍ ባለ መሬት፣ የማንም አማች ያልሆነ ዳኛ። እነዚህ በሌሉበት አገር፣ አፈሩ ወርቅ ቢሆን እንኳ፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ የለም። ደግሞም ንጹሕ በርበሬ ይፈልጋል።»

«እንግዲያማ አለቀልን!» አለች ንግሥቴ ሳታስበው።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ፊቷ እንደ ራሷ በርበሬ ቀላ።

«ማለቴ... ሚዛን ላይ እንዲከብድ ውኃ እረጭበታለሁ። እኔ ብቻ መሰልኋችሁ? ሁላችንም እንረጫለን!»

የኔታ እንባ እስኪመጣባቸው ሳቁ። «ለካ ጨው ብቻ አይደለም ውኃ የሚፈራው! ሰማሽ ልጄ፣ ፈረንጁን ዘራፊ ብዬ ገዘትሁ፤ ሻጋታ የምትሸጪለት ግን አንቺ ነሽ።» ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ተነሡ። «ግዝት የተጣለው በሕዝብ ፊት ነው፤ የሚፈታም በሕዝብ ፊት ነው። ላቀው፣ ነገ ወረቀቱን ይዘህ ና። የምታነበው ግን እርሷ ናት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ቅጥሩን ሞልተው ቆሙ። ንግሥቴ ወረቀቱን ይዛ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ያቺ ፊደል ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ጭረት ፈለገች፤ የለም።

«ገንዘብ ሊያፈስ!» አለች ጮክ ብላ። ማንም አላቋረጣትም፤ እስከ መጨረሻው መስመር ወረደች። «ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ሴቶችም ይቀጠራሉ» ስትል፣ ከሴቶቹ መካከል የቆመችው እናኑ አንገቷን ቀና አደረገች።

የኔታ መስቀላቸውን አንሥተው ግዝቱን ፈቱ። «ወገኖቼ» አሉ፣ «ተሳስቼ ነበር። መሬቱን በውል እናከራያለን። በርበሬያችን ጅጋና ደምበጫ ሳይንከራተት ገዢ ደጁ ላይ ያገኛል። የተማረ ልጅ ሥራ ፍለጋ አይሰደድብንም። እንግዳው ዕውቀቱን ያመጣል፤ እኛ ደግሞ ሰላማችንንና ታማኝነታችንን እናቀርባለን። እርሱ ያፍስስ፤ እኛም እናፍሳለን! ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ ላይ ውኃ የሚረጭ ግን...» ቆም ብለው ንግሥቴን በጎን አዩዋት። «አልገዝትም፤ ፊቱ ይመሰክርበታል!»

ቅጥሩ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ።

ማክሰኞ ዕለት ውሉ ፍኖተ ሰላም ላይ በዳኛ ፊት ተጻፈ፤ ዘመኑ፣ ኪራዩ፣ የሴቶቹም መቀጠር አንድ በአንድ ሰፈረ። እናኑ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆነች። አክስቷም ሐሙስ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፈረች፤ እየተነጫነጨችም ቢሆን።

በዚያው ቀን ንግሥቴ በርበሬዋን ደጅ አሰጣች። ጎረቤቷ ወለተ ሥላሴ በአጥር አሻግራ ተጣራች። «እቴ፣ ውኃ መርጫ ቅልሽን አውሺኝ፤ የእኔ ተሰብሮብኛል።»

ንግሥቴ ቅሉን አነሣች፤ ውስጡ የነበረውን ውኃ በሙሉ ጌሾዋ ሥር ደፋችው።

«ይኸው፣ እኔም አፈሰስሁ!» አለችና ባዶውን ቅል አጥሩ ላይ ሰቀለችው።