ትል ሁሉ ኮሶ አይደለም

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥቅምት አንድ ማክሰኞ፣ አቶ ማንደፍሮ ከባድ የእምነ በረድ ሙቀጫ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ፒኜቶ በሚሄደው ትራም ተሳፍረው ነበር። ሙቀጫውን ፍለጋ ግማሽ ሮምን በእግራቸው አዳርሰዋል። በቅርቡ ከአገር ቤት አብራቸው የመጣችው የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጣይቱ ክንዳቸውን ተደግፋ አንቀላፍታለች። እሳቸው ግን ከጅማ በሻንጣ ያመጡትን ኮሶ ነገ በማለዳ ወቅጠው ሊያጠጧት ስለ ቆረጡ ልባቸው ተረጋግቷል።

ልጅቷን በአማርኛ አባብለው ሲያስተኟት የሰማች አንዲት ወጣት ከፊት ለፊታቸው ሆና ሙቀጫውን ስታይ ሳቋ መጣ።

«እንደምን ዋሉ አባባ? በዚህ አገር ደግሞ ምን ሊወቅጡ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያገሬ ልጅ! ኮሶ ነዋ። ይህችን ልጅ ኮሶ ይዟት ይኸው ገርጥታ ቀረች። ተኚ ሲሏት ብቻ ሳይሆን ተነሺ ሲሏትም ትተኛለች። ትናንት ደግሞ ከአበባ ማሰሮ አፈር ስትበላ ያዝኳት። አንቺስ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ሠናይት እባላለሁ። በምግብና እርሻ ድርጅት ተቀጥሬ የአገራችንን እንስሳት ዝርያ እመዘግባለሁ።»

«እንስሳ ትቆጥሪያለሽ? የእኛ ቀበሌ እንኳ ሰዉን ቆጥሮ አልጨረሰ!»

«እያንዳንዱን በስሙ፣ በመልኩና በሚኖርበት ቦታ እጽፋለሁ እንጂ አልቆጥርም። ከዝሆን ጀምሬ አሁን ትል ላይ ደርሻለሁ።»

«ለዚህም ደመወዝ ይከፍሉሻል?» አሉና ከልባቸው ሳቁ። በሳቃቸው አንፍረድባቸው፤ የምትጽፈውን መዝገብ ለአሳታሚ ብትሰጠው የሚስቅ የተማረ ሰውም አይጠፋም።

«አባባ፣ ኮሶ እንደያዛት በምን አወቁ? የትሉን ቁርጥራጭ በልብሷ ላይ አይተዋል?»

«አላየሁም። ግን ትል ትል ነው።»

«አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?»

«የከብት ነጋዴ ነበርኩ። በጅማ ገበያ ማንደፍሮን የማያውቅ የለም።»

«ታዲያ ከብት ከብት ነው ብለው፣ ሳያዩ ገዝተው ያውቃሉ?»

«ምን ነካሽ? ጥርሱን ሳላይ፣ ሆዱን ሳልዳብስ!»

«ታዲያ የልጅቷን ትል ሳያዩ እንዴት ያክሙታል? ትምህርት ቤቷስ አይመረምራትም?»

ሽማግሌው ተቆጡ። ከኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። «እሱን ተዪኝ! ዓይነ ምድሯን በብልቃጥ አምጡ ብለዋል። ልጄ ሙሉአለም ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ ቤቷ የምትመጣው ሐሙስና እሑድ ነው። አንብባው ‹ሐሙስ እንወስዳለን› አለችኝ። እኔ ግን ከሐሙስ በፊት አሽሬያት እገላገላለሁ። ጥቁር ስለሆንን ቆሻሾች መስለናቸው ነው እንጂ!»

ሠናይት ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። «አሎራ፣ እንግዲህ አባባ… ‹የአንደኛ ክፍል ልጆች በሙሉ› ነው የሚለው። ጥርሳቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ጆሯቸውንም ሊያዩላቸው ነው።»

«የጣልያኖቹንም ልጆች?»

«የጣልያኖቹንም። ሙሉአለምን አልጠየቋትም?»

አልጠየቋትም። ወረቀቱ ሲነበብ ገና ‹ዓይነ ምድር› የሚለው ቃል ላይ ደማቸው ፈልቶ በረንዳ ላይ ወጥተው ቆመው ነበር። ይህን ለሠናይት አልነገሯትም፤ አፈሩ።

«ኮሶን የምንቅ እንዳይመስልዎ» አለች ሠናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባቶቻችን ለኮሶ ትል ፍቱን መድኃኒት አግኝተዋል። ነገር ግን በባዶ እግር ከእርጥብ አፈር ገብቶ፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ሌላ ትል አለ። የገረጣና አፈር የሚያምረው ልጅ ብዙ ጊዜ የዚያ በሽተኛ ነው። እሱን ኮሶ አያወጣውም። ደም ላነሳት ልጅ ደግሞ ኮሶ ራሱ አደጋ ነው፤ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋም የጻፉ አሉ።»

አቶ ማንደፍሮ ሙቀጫውን ከጭናቸው አንስተው እግራቸው ሥር አስቀመጡት።

«ያለምዘውድ የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ» አሉ። «ሰባት ዓመቷ ነበር። ኮሶ ሲያጠጧት መራራ ነው፣ አልጠጣም ስትል እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ፤ ያዝ ብለውኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሳት። ስትነሣ ዓይኗ አያይም። መጋኛ መታት አሉ፤ እኔም እስከ ዛሬ መጋኛ ነው እላለሁ።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ኮሶው ነው ብዬ አልምልም። እርስዎም ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ አባባ።»

ሽማግሌው የተኛችውን ጣይቱን ትኩር ብለው አዩ። ሊወርዱ ሲሉ፣ «ብልቃጡን እስከ ሐሙስ አላቆየውም። ነገ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ» አሉ።

እንዳሉትም አደረጉ። ውጤቱ ሲመጣ በጣይቱ ሆድ ውስጥ የተገኘው ሠናይት የጠረጠረችው ደም መጣጭ ትል ሆነ። ኮሶው ልጅቷን አድክሞ፣ ትሉን ባለበት ትቶት ይሄድ ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ የትል ክኒንና ደም የሚተካ ሽሮፕ አዘዘላት። መምህርቷም እንቅልፋም ያለቻት ልጅ ታማሚ እንደነበረች ተረድታ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። ለገና ጣይቱ የአራቱን ፎቅ ደረጃ ከአያቷ ቀድማ በሩጫ ትወጣ ጀመር። በዚያው የክፍል ምርመራ የአንድ ጣልያናዊ ልጅ ጆሮ በጊዜ ታከመ። በትምህርት ቤት የሚደረግ ምርመራ ጥቅሙ እንዲህ ነው፤ የድሀውንም የሀብታሙንም ልጅ እኩል ያያል፣ ወላጅ በግምት የሚያጠፋውን በዕውቀት ያቃናል።

አቶ ማንደፍሮ ሠናይትን እቤታቸው ጠርተው ሙሉአለም ባለችበት አመሰገኗት። «በሥራሽ ስቄ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ትሉን በስሙ የሚጽፍ ሰው ባይኖር ሐኪሙስ በምን ይለየው ነበር? ልጄን ሰጥተሽኛል፤ እግዚአብሔር እድሜና ጤና ይስጥሽ» ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው።

በማግስቱ ለእህታቸው ደብዳቤ ጻፉ። የሆነውን ሁሉ ከነገሯት በኋላ፣ «ያን ቀን እጅሽን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። የጣይቱን እጅ ልይዝ ስል ያንቺ ዓይን ትዝ አለኝ። ያዳናት እሱ ነው፤ አመሰግንሻለሁ» አሉ።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ያለምዘውድ ለጎረቤት ልጅ እየነገረች ነው ያስጻፈችው።

«ወንድሜ፣ እጄን የያዝከው አንተ እንደነበርክ ያን ጊዜም አውቄያለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ምንጭም ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ ያንኑ እጅህን ይዤ ነው የኖርኩት፤ ምን ይቅር ልበልህ? ስለ ጣይቱ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ሰፈር ግን ለአንዲት ገርጣጣ ልጅ እሑድ ሊያጠጧት ኮሶ ሲወቅጡ ሰምቼ ጮኼ አስጥያለሁ። እናቷ እሺ ያለችኝ ለጊዜው ነውና ቶሎ ብለህ ለዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ልጆቹን እንዲያስመረምር ጻፍለት። አንተን ይሰማሃል።»

አቶ ማንደፍሮ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። ጣይቱን ወረቀት እንድታቀብላቸው ጠየቋትና ወዲያው መጻፍ ጀመሩ።