ሐር የሚመዝ እጅ

«ጭርር...» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጭን ነው፤ ላልለመደው ጆሮ ከምንም አይቆጠርም። አዛውንቱን ልብስ ሰፊ ግን ክው አደረጋቸው፤ የሐር ክር ሲመዘዝ የሚጮኸው እንዲህ ነው። የአንዲት ሙሽራን ቀሚስ፣ ልብስ በካውያ ከሚተኩሰው ባልደረባቸው እጅ እየተቀበሉ ነበር። ወደ መስኮቱ ቢያዞሩት፣ እውነትም ደረቱ ላይ አንድ ክር ተስቧል። ባለፈው የሌላ ሙሽራ ቀሚስ እንዲሁ ሆኖ እናትየው በሰው ፊት አዋርደዋቸዋል። አሁን ከተደገመ ማን ሐር አምኖ ይሰጣቸዋል?

«አንተ ነህ!» አሉ ተኳሹን። «ቀሚሱን እንድታበላሽብኝ ማዶ ያለው ሰፊ ምን ቃል ገባልህ?»

አብሯቸው ያረጀው ተኳሽ አንዴ አያቸውና ወደ ካውያው ዞረ። ፊቱን ማዞሩ ይባስ አስጠረጠራቸው።

በዚህ መሐል የወንድማቸው ልጅ ዝናብ አባሯት ዘው አለች። ነርስነት ተምራ የጨረሰች ናት። ሰላም ልትላቸው እጃቸውን ብትይዝ መልሳ ሳትለቅ ቀረች።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተሰነጣጠቀው? ጥፍርዎስ?»

«የሥራ እጅ ነው። የሐኪም ቤት ዓይንሽን አንሺልኝ።»

«በምን ነው የሚታጠቡት?»

«በልብስ ሳሙና ነዋ! ነጭ ጨርቅ የሚነካ እጅ እስኪነጣ ይታሻል፤ ከዚያ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ደረቅ ከሆነ ንጹሕ ነው ይሉ ነበር።»

«እሱ እኮ ነው ጉዱ! ሳሙናው የቆዳዎን ወዝ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ የተረፈውን ጠመኔው ይመጥጠዋል። ወዝ ያጣ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ጥፍርም ይላላጣል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥበው፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ይቀቡ።»

ሰፊው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ሐር ላይ ቅባት! አንቺንም ማዶ ያለው ነው የላከሽ?»

«እኔን የላከኝ ዝናቡ ነው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች። «ሥራ ላይ ማን ተቀቡ አለዎት? ማታ ተቀብተው የጥጥ ጓንት አጥልቀው ይተኙ። ጠዋት ሲታጠቡ ጨርቅ የሚያቆሽሽ ነገር አይተርፍም።»

«ጓንት አጥልቄ ልተኛ? ሌባ ነኝ?»

«ጥፍርዎንም በጥርስዎ አይንጩት፤ በመቀስ ይከርክሙት፣ ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱት። ካላመኑኝ ይኸው» አለችና ከወለሉ ላይ የሐር ቁራጭ አንሥታ ዘረጋችው። «ሁለታችሁም እጃችሁን አሳልፉበት።»

ተኳሹ መዳፉን አሳለፈ። ምንም አልተሰማም። ሰፊው በንቀት አሳለፉ።

«ጭርር...»

ጥርጣሬ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስመረምራቸው ኖሮ የገዛ ጣታቸውን አላሳያቸውም ነበር። ሰፊው አፍረው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ተኳሹን ግን ይቅርታ አልጠየቁትም። እሱም የተሳበውን ክር በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ መልሶ በእንፋሎት አስተኛው። ሙሽራዋ ምንም ሳታውቅ ቀሚሷን ወሰደች።

ከዚያ ወዲያ ሰፊው እያጉረመረሙም ቢሆን የተባሉትን አደረጉ። መጀመሪያ የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ሦስቴ አሽትተው ነው የከፈቱት። ውሎ አድሮ ስንጥቁ ገጠመ፤ መርፌ ሲይዙ ማቃጠሉ ቀረ፤ ጥፍራቸውም መላላጡን ተወ። አንድ ጠዋት እጃቸውን አዲስ ሐር ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ። ጸጥ!

«ልጅቷ እውነቷን ነው!» አሉ እንደ ሕፃን ፈንጥዘው። «እጅ ሲድን ሥራውም ይድናል፣ ሕመሙም ይቀራል፤ ደንበኛ በር ላይ አይጮህብህም። ና ንካው እስቲ፣ ወዳጄ!»

ተኳሹ ቀረብ ብሎ ሐሩን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰው። ከዚያ ካውያውን ነቀለ፤ ሽርጡን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ኮቱን ለበሰና ላይመለስ ወጣ።